ዳቪድ የቀነሰው፣ ዳቪድ የጨመረው

ዣን-ፖል ማራ የቆዳ በሽተኛ ነበር። ገላው እያሳከከውና እየቆሳሰለ አላስቀምጥ ስላለው በ1793 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቀኑን የሚያሳልፈው መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ ነበር። በኮምጣጤ የራሰ ጨርቅ ራሱ ላይ ይጠመጥማል፤ ገንዳው ላይ ጣውላ ያጋድማል፤ እዚያው ተቀምጦ ለጋዜጣው ይጽፋል። አንባቢዎቹ «የሕዝብ ወዳጅ» ይሉት ነበር። ወዳጅነቱ ግን አብዮቱን ለማዳን ስንት ራስ መቆረጥ እንዳለበት እስከ ማስላት ይደርስ ነበር።

ጁላይ 13 ቀን ሻርሎት ኮርዴ የምትባል የ24 ዓመት ወጣት ከካን ከተማ መጥታ፣ ጠዋት የገዛችውን የወጥ ቤት ቢላ ልብሷ ውስጥ ሸሽጋ ማራ ቤት ገባች። በካን ስለተሸሸጉ የአብዮቱ ተቃዋሚዎች ወሬ አለኝ አለችው። ስማቸውን ስትነግረው እሱ ይጽፋል። በኋላ በችሎት እንደተናገረችው፣ ማራ ጽፎ ሲጨርስ እነዚህን ሰዎች በቅርቡ ጊሎቲን እንደሚበላቸው ነገራት። ያን ጊዜ ደረቱ ላይ ወጋችው። ከአራት ቀን በኋላ እሷም በዚያው በጊሎቲን ተቀላች።

በማግስቱ በብሔራዊው ኮንቬንሽን ስብሰባ ላይ አንድ ተናጋሪ ተነሥቶ ከተመራጮቹ መካከል አንዱን በስሙ ጠራውና ገና የምትሠራው ሥዕል አለ አለው። የተጠራው ሰው ዣክ-ሉዊ ዳቪድ ነበር፤ እሠራዋለሁ ብሎ መለሰ። ዳቪድ የዘመኑ ዝነኛ የፈረንሳይ ሠዓሊ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሕግ አውጪ፣ የጃኮቢን ክለብ አባልና ለንጉሥ ሉዊ 16ኛ መገደል ድምፁን የሰጠ ሰው ነበር። ማራ ከመሞቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቤቱ ሄዶ ጠይቆታል። ገንዳውን፣ ጣውላውን፣ ጨርቁን፣ የሰውየውንም ገላ በዓይኑ አይቷል። እንግዲህ ሥዕሉ ላይ የጎደለው ነገር ሁሉ ሳያውቀው የቀረ አይደለም፤ አውቆ የተወው ነው።

ሥዕሉ ዛሬ ብራስልስ ውስጥ በቤልጂየም ንጉሣዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ቁመቱ 165፣ ወርዱ 128 ሴንቲ ሜትር ነው። የሸራው የላይኛው ግማሽ ጨርሶ ባዶ ነው፤ ቡናማና አረንጓዴ ተቀላቅሎ ጭጋግ የመሰለ ግድግዳ ብቻ ይታያል። በማራ ክፍል የነበረው ጌጠኛ የግድግዳ ወረቀት እዚህ የለም። ገዳይዋ የለችም። ከሁሉ በላይ የቆዳ በሽታው የለም፤ ትከሻውና ክንዱ ከእብነ በረድ የተጠረበ ይመስላል። ደም አለ፣ በልክ ነው፤ ከአንገቱ አጥንት በታች ጠባብ ስንጥቅ፣ ከእሱ የሚወርድ ቀጭን መስመር፣ ነጩ አንሶላ ላይ ጥቂት ነጠብጣብ፣ ከዚያ ቀላ ያለ ውሃ።

የጨመረው ነገር ደግሞ ከቀነሰው ይልቅ የረቀቀ ነው። ማራ በግራ እጁ ደብዳቤ ይዟል፤ የኮርዴ ሙሉ ስምና ቀኑ በግልጽ ይነበባል። የተቸገርኩ መሆኔ ብቻ ቸርነትህን ለማግኘት ይበቃኛል የሚል መልእክት አለው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ኮርዴ ጽፋ ነበር፤ ማራ ግን አልደረሰውም። ከገንዳው አጠገብ ካለው የእንጨት ሣጥን ላይ ደግሞ የገንዘብ ወረቀትና አጭር ማስታወሻ ተቀምጧል፤ ገንዘቡ ባሏ ለአገሩ ለሞተባት የአምስት ልጆች እናት እንዲሰጥ ያዛል። በእውነተኛዋ ሰዓት ማራ ይዞት የነበረው ለጊሎቲን የታጩ ሰዎች ስም ዝርዝር ነበር። ዳቪድ ዝርዝሩን አነሣና በምትኩ ምጽዋት አስቀመጠ።

ወደ መሬት የተንጠለጠለውን ቀኝ ክንድ ሮም ያየ ሰው ያውቀዋል። ክርስቶስን ከመስቀል አውርደው ሲቀብሩት የሚያሳየው የካራቫጆ ሥዕል ላይ እንዲሁ የተንጠለጠለ ክንድ አለ። ዳቪድ ሥዕሉን ለኮንቬንሽኑ ያስረከበው ኖቬምበር 14 ቀን ነው። ከዚያ አራት ቀን ቀደም ብሎ አብዮተኞቹ ኖትር ዳም ካቴድራልን ከክርስትና ነጥቀው የ«አእምሮ» በዓል አክብረውበት ነበር። ቤተ ክርስቲያን በሚዘጋበት ሳምንት ለሕዝቡ አዲስ ሰማዕት ቀረበለት። ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ አጭር ነው፤ «ለማራ፣ ዳቪድ» ይላል፤ ከሥሩ የአብዮቱ አዲስ የዘመን አቆጣጠር «ዓመት ሁለት» ተጽፏል።

ይህን ሥዕል ፕሮፓጋንዳ ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ነውም። ነገር ግን በዚያ ዘመን የማራን ሞት የሣሉ ሌሎችም ነበሩ፤ ገዳይዋን፣ ጩኸቱን፣ የሚሯሯጠውን ሰው ሁሉ አጭቀው ሥለውታል፤ ዛሬ የሚያስታውሳቸው የለም። የዳቪድን እጅ ለየት ያደረገው ምን እንደሚነሣ ማወቁ ነው። ይህን ደግሞ ከፖለቲካ አልተማረውም። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ወደ ኋላ መለስ እንበል።

ዳቪድ ኦገስት 30 ቀን 1748 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ በሰው ለሰው ፍልሚያ ተገደለ፤ እናቱም አርክቴክት ለሆኑ ሁለት አጎቶቹ ሰጠችው። እነሱ የሙያቸው ወራሽ እንዲሆን ቢመኙም ልጁ ትምህርቱን ትቶ ደብተሩ ላይ ሲሥል ይውል ነበር። በወጣትነቱ ሰይፍ ሲለማመድ ፊቱ ላይ ቆሰለና ግራ ጉንጩ አብጦ ቀረ፤ አንደበቱንም አጎላደፈው። በኋላ ኮንቬንሽን ውስጥ ሲናገር ጠላቶቹ በዚህ ይሣለቁበት ነበር።

የሩቅ ዘመዱ ፍራንሷ ቡሼ የንጉሡ ቀዳሚ ሠዓሊ ነበር። ቡሼ የሮኮኮ አውራ ነው፤ ለስላሳ ሮዝና ውሃ ሰማያዊ፣ ደመና ላይ የሚንሳፈፉ አማልክት፣ ሐርና ጽጌረዳ። ዳቪድን ይዘውለት ቢሄዱ ራሱ አላስተማረውም፤ ወደ ጥንቱ የግሪክና የሮም አሣሣል ወደሚያዘነብለው ወደ ጆሴፍ-ማሪ ቪየን ላከው። የፈረንሳይ ሥዕል መንገድ የተቀየረው በከፊል በዚህ የሽማግሌ ውሳኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የንጉሣዊው አካዳሚ ትልቁ ሽልማት ሮም ሄዶ በመንግሥት ወጪ መማር ነበር። ዳቪድ በ1771 ሁለተኛ ወጣ። በ1772 ሲወድቅ ክፍሉን ዘግቶ ራሱን በረሃብ ሊገድል ተነሣ፤ ከዳኞቹ አንዱ የሆነው ሠዓሊ ዶየን መጥቶ በምክር መለሰው። በ1773 ደግሞ ወደቀ። በ1774 አሸነፈ። ቂሙን ግን አልተወም፤ ከሃያ ዓመት በኋላ አብዮቱ አካዳሚውን ሲዘጋ ከዘጊዎቹ ግንባር ቀደሙ እሱ ነበር።

ሮም የገባው በ1775፣ የፈረንሳይ አካዳሚ ዳይሬክተር ሆኖ ከተሾመው ከመምህሩ ከቪየን ጋር ነው። ከመሄዱ በፊት የጥንቱ ሥራ ሕይወት የለውም፣ እኔን አይማርከኝም ይል ነበር። እዚያ ሲደርስ ቀለሙን አስቀምጦ በእርሳስና በቀለም ውሃ ብቻ ሐውልትና የድንጋይ መቃብር ላይ የተቀረጹ ምስሎችን መገልበጥ ጀመረ፤ የሮሙ ዘመን ንድፎቹ ብዙ ጥራዝ ይሞላሉ። በ1779 ኔፕልስን ጎበኘ። በእሳተ ገሞራ ተቀብረው የኖሩት ፖምፔና ሄርኩላኒየም በሚቆፈሩበት ዘመን ነው፤ መላው አውሮፓ በጥንቱ ዓለም ያበደበት ጊዜ ነበር። ዳቪድ ያን ጊዜ የዓይን ሞራ እንደተገፈፈለት ሆኖ ተሰማኝ ማለቱ ይነገራል።

ኒዮክላሲካል የሚባለው አሣሣል የተወለደው ከዚህ ዕብደት ነው። የሐሳቡ ሥር ቀላል ነው፦ ሥዕል ማስጌጫ ብቻ ሳይሆን ሰውን ለበጎ ነገር ማነሣሣት አለበት፤ ለዚያም የግሪክና የሮም ጀግኖች ይበቃሉ፤ መስመር ከቀለም ይቀድማል። ቪየንም ሌሎችም ይህን ያውቁ ነበር። ሥዕሎቻቸው ግን ሐውልት ቀለም የተቀባ ይመስላሉ። ዳቪድ ያንኑ ሐሳብ ይዞ ሰዉን በቆመበት የሚያደርቅ ሥዕል ያሳየው በ1785 ነው።

«የሆራቲዎቹ መሐላ» የታዘዘው በንጉሡ መንግሥት ነው። ታሪኩ ከሮም አፈ ታሪክ የተወሰደ ነው። ሮምና ጎረቤቷ አልባ ተጣልተው ጦርነቱ በሦስት በሦስት ሰው እንዲያበቃ ይስማማሉ፤ ከሮም የሆራቲ ወንድማማቾች፣ ከአልባ የኩሪያቲ ወንድማማቾች ይመረጣሉ። ችግሩ ቤተሰቦቹ ተጋብተዋል፤ የአንዱ ሆራቲ ሚስት ከኩሪያቲ ቤት ናት፣ የሆራቲዎቹም እህት ካሚላ ለአንዱ ኩሪያቲ ታጭታለች። የመጣው ይምጣ ከሴቶቹ አንዷ ማልቀሷ አይቀርም። የጥንት ጸሐፊዎች ውጊያውን በዝርዝር ተርከውታል። ወንድማማቾቹ አባታቸው ፊት ማሉ የሚል ግን የለም፤ ያን ትዕይንት የጨመረው ዳቪድ ነው።

ሥዕሉን ለመሥራት ተማሪውን ድሩዌን ይዞ ሮም ተመለሰ። የታዘዘው አሥር ጫማ በአሥር ጫማ ሆኖ ሳለ ማንንም ሳያስፈቅድ ወርዱን ወደ አሥራ ሦስት ጫማ ለጠጠው፤ ዛሬ ሉቭር የሚገኘው ሸራ 3 ሜትር ከ30 በ4 ሜትር ከ25 ነው። መደቡ ጨለማ ነው። ሦስት ቅስቶች በወፍራም አምዶች ላይ ቆመዋል፤ ከኋላቸው የሚታይ ነገር የለም፤ መጋረጃም፣ ደመናም፣ የሚበር መልአክም የለም። በግራው ቅስት ሥር ሦስቱ ወንድማማቾች ክንዳቸውን ዘርግተዋል፤ በመካከለኛው አባትየው ሦስት ሰይፍ በአንድ እጁ ጨብጦ አንሥቷል፤ በቀኙ ሴቶቹ ተዝለፍልፈው ተቀምጠዋል። ከወንዶቹ ወገን ያለው መስመር ሁሉ ቀጥ ያለ ነው፤ የሴቶቹ ሁሉ ይጎብጣል። በተዘረጉት እጆችና በተነሡት ሰይፎች መካከል ትንሽ ክፍተት አለ፤ እጅ ሰይፉን አልነካም። ዓይን እዚያች ባዶ ቦታ ላይ ይቀራል።

ዳቪድ እያንዳንዱን ሰው በመጀመሪያ ራቁቱን ይነድፋል፤ አጥንትና ጡንቻው በትክክል ሲገጥም ብቻ ልብስ ያለብሰዋል። ልብሱን ራሱን በምስለ ሰው ላይ አልብሶ እጥፋቱን ያጠናል። ንድፉን በካሬ ከፋፍሎ ወደ ሸራው ያሳድገዋል። ቀለሙን ሲቀባ የብሩሽ ዱካ አይተውም፤ ላዩ ልስልስ ስለሚል ሠዓሊ የነካው አይመስልም። የአባትየውን አንድ እግር ሃያ ጊዜ ደምስሶ እንደሠራው ይወራል፤ ቁጥሩ የተጋነነ ቢሆንም ሰውየውን ለሚያውቅ የሚታመን ነው። ሥዕሉ ሲያልቅ ሮም በስቱዲዮው ለሕዝብ አሳየው፤ ሰው ጎርፍ ሆነ። በዚያው ዓመት ፓሪስ ውስጥ «ሳሎን» በሚባለው ታላቅ ዐውደ ርእይ ሲቀርብ ዝናው ጣሪያ ነካ። አብዮተኞቹ በኋላ የእነሱን መንፈስ አስቀድሞ የተናገረ ሥዕል ነው አሉት። በ1785 ግን አብዮት በማንም ሐሳብ አልነበረም፤ የከፈለውም ንጉሡ ነው።

በ1787 «የሶቅራጥስ ሞት»ን ሠራ። ያሠራው ትሩዴን ደ ላ ሳብሊዬር የሚባል ወጣት ባላባት ነው፤ ሥዕሉ አሁን ኒውዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም አለ። ሶቅራጥስ አልጋው ላይ ቀና ብሎ እያስተማረ፣ ሄምሎክ የተባለው መርዝ ወዳለበት ጽዋ ሳያይ እጁን ይሰድዳል። ገና አልጨበጠውም፤ እዚህም ያቺው ክፍተት አለች። አልጋው ግርጌ የተቀመጠው ሽማግሌ ፕላቶን ነው። ፕላቶን ያን ቀን ታሞ ስለነበር እዚያ አልተገኘም፤ ደግሞም ወጣት ነበር። ዳቪድ ግን ነገሩን ሁሉ ከብዙ ዓመት በኋላ በሐሳቡ የሚያስታውስ ሰው አድርጎ አስቀመጠው። ከዚህ የተሻለ «ስሕተት» በሥዕል ታሪክ አላውቅም። በቀጣዩ ዓመት ሳይንቲስቱን ላቩዋዚዬን ከሚስቱ ጋር ሣለ፤ ሚስትየዋ ከእሱ ዘንድ ሥዕል ተምራለች። በቅርቡ የሥዕሉ ባለቤት ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በመሣሪያ ሲመረምረው ከላዩ ቀለም ሥር ሌላ ሥዕል ተገኘ፤ ሴትየዋ በአበባ ያጌጠ ትልቅ የፋሽን ባርኔጣ አድርጋለች፣ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት የኬሚስትሪ ዕቃዎችም በመጀመሪያው ላይ አልነበሩም። ዳቪድ ባርኔጣውን ገፈፈ፣ ብልቃጦቹን ጨመረ፤ ቀረጥ ሰብሳቢም የነበረው ሀብታሙ ላቩዋዚዬ ወደ ሳይንስ ሰው ተለወጠ።

ከዚያ 1789 መጣ። ጁን 20 ቀን የሕዝቡ እንደራሴዎች ከመሰብሰቢያቸው ተዘግቶባቸው ቬርሳይ ውስጥ በአንድ የኳስ መጫወቻ አዳራሽ ተሰብስበው ሕገ መንግሥት ሳናወጣ አንበተንም ብለው ማሉ። ዳቪድ ይህን በግዙፍ ሸራ ለመሣል ተነሣ፤ ንድፉ በ1791 ታየ። ሥዕሉ ግን አላለቀም። ምክንያቱ የእጅ ሳይሆን የጊዜ ነው። ከእንደራሴዎቹ አንዱ የነበረው ሚራቦ ሞተ፤ ከሞተ በኋላም ከንጉሡ ጋር ሲደራደር እንደነበር ተደረሰበት። መሐላውን ያስማለው ባዪ በ1793 በጊሎቲን ተገደለ። ትላንት ጀግና የተባለው ዛሬ ከሃዲ እየሆነ ማንን ይሣል፣ ማንን ይተው? የቀረው ሸራ ቬርሳይ አለ፤ ራቁት የተነደፉ ሰውነቶች ላይ ጥቂት ያለቁ ፊቶች ብቻ ይታያሉ።

በ1792 ለኮንቬንሽኑ ተመረጠ፤ በጃንዋሪ 1793 ለንጉሡ ሞት ድምፅ ሰጠ። ከሀብታም ቤት የመጣችው ሚስቱ ሻርሎት ፔኩል ንጉሣዊት ነበረችና በ1794 ተፋቱ። በሴፕቴምበር 1793 የጠቅላላ ደኅንነት ኮሚቴ አባል ሆነ። ስሙ ለስላሳ ነው፤ ሥራው ፖሊስነት ነበር። ዳቪድ ከሌሎቹ አባላት ጋር በመቶዎች የሚቆጠሩ የእስር ትእዛዞች ላይ ፈርሟል። ያው እጅ የሪፐብሊኩን በዓላት ያቅዳል፤ ሰልፉን፣ ሠረገላውን፣ የሚቃጠለውን ምስል ሳይቀር ይነድፋል። ኦክቶበር 16 ቀን ደግሞ ማሪ አንቷኔት እጇን ወደ ኋላ ታስራ በጋሪ ወደ ጊሎቲን ስትወሰድ በብዕር ቶሎ ቶሎ ነድፏታል። የተቆረጠ ፀጉር፣ የተኮማተረ ከንፈር፣ ቀጥ ያለ ጀርባ። ዳቪድ ምንም ያልጨመረበት ሥራ ቢኖር ይህ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል የሚያስፈራው።

ላቩዋዚዬ ሜይ 8 ቀን 1794 ተቀላ። የሶቅራጥስን ሥዕል ያሠራው ትሩዴን ከወንድሙ ጋር ጁላይ 26 ቀን ተቀላ። በዚያው ቀን የጃኮቢኖቹ መሪ ሮቤስፒየር በጃኮቢን ክለብ የስንብት የሚመስል ንግግር ሲያደርግ ዳቪድ ተነሥቶ ሄምሎክ የምትጠጣ ከሆነ አብሬህ እጠጣለሁ አለው። በማግስቱ ሮቤስፒየር ሲያዝ ዳቪድ ታምሜያለሁ ብሎ ቤቱ ነበር። ጁላይ 28 ቀን ሮቤስፒየርና ጓዶቹ ተገደሉ። ጽዋውን ሥሎት ስለነበር ቃሉን ማግኘቱ አይገርምም፤ ጽዋው ራሱ ሲመጣ ግን እጁን አልሰደደም። ይህን ስል እፈርድበታለሁ ማለቴ አይደለም፤ ማን ይጠጣ ነበር?

በኦገስት መጀመሪያ ላይ ታሰረ። እስር ቤት ሆኖ መስተዋት ፊት ራሱን ሣለ፤ የተንጨባረረ ፀጉር፣ የተደናገጠ ዓይን፣ ከዕድሜው በታች የሆነ ፊት፤ የጉንጩ እብጠት ጥላ ውስጥ ገብቶ ለስላሳ ሆኗል። የፈታችው ሚስቱ መጥታ ትጠይቀው ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ ተለቀቀ፣ በ1795 ደግሞ ታስሮ ተፈታ፣ በ1796 እንደገና ተጋቡ። ባልና ሚስቱን ያራራቀው የንጉሥ ደም፣ ያቀራረበው የእስር ቤት በር መሆኑ የዚያን ዘመን ፈረንሳይ ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ የተሻለ ያስረዳል።

በ1799 ያቀረበው «የሳቢን ሴቶች» የዕርቅ ሥዕል ነው፤ በአባቶቻቸውና በባሎቻቸው ጦር መካከል ሕፃናት ይዘው የገቡ ሴቶች። ሸራው ከ5 ሜትር በላይ ወርድ አለው። ወዲያው ለመንግሥት አልሸጠውም፤ ሉቭር ውስጥ አንድ ክፍል ይዞ በአንድ ፍራንክ ከሰማንያ ሳንቲም መግቢያ ለዓመታት አሳየው። ሰው ሥዕል ለማየት መክፈሉ ያኔ ፓሪስ ላይ ያልተለመደ ስለነበር ብዙ ቢያስወቅሰውም፣ ከገቢው ገጠር ውስጥ እርሻ ገዛበት።

ናፖሊዮንን ያገኘው በ1797 ነው። ጄኔራሉ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ተቀመጠለት፤ ያ ሥዕል ፊቱ ብቻ አልቆ ቀሪው ባዶ ሸራ ሆኖ ቀረ። በ1800 ናፖሊዮን ሠራዊቱን ይዞ የአልፕስን ተራራ ተሻገረ፤ የስፔን ንጉሥ ይህን የሚያሳይ ሥዕል አዘዘ። ዳቪድ ተቀመጥልኝ ቢለው እምቢ አለ፤ መልክ መምሰሉን ማንም አይጠይቅም፣ ዋናው የታላቅ ሰው መንፈስ ነው ዓይነት መልስ መስጠቱን ከተማሪዎቹ አንዱ ጽፏል። ጦርነቱ ላይ የለበሰው ዩኒፎርም መጣና የዳቪድ ልጅ ለብሶ መሰላል ላይ ተቀመጠ። ናፖሊዮን ተራራውን የወጣው በመንገድ መሪ የሚሳብ በቅሎ ላይ ተቀምጦ ነበር። በሥዕሉ ላይ ግን በሁለት እግሩ የቆመ ፈረስ ላይ ተረጋግቶ ወደ ላይ ይጠቁማል፤ ካባው በነፋስ ይነፋል፤ ከፈረሱ ሥር ድንጋዩ ላይ የእሱ፣ የሃኒባልና የሻርለማኝ ስም ተቀርጿል። ሥዕሉ ስለተወደደ ዳቪድ ከተማሪዎቹ ጋር አምስት ጊዜ ደጋግሞ ሠራው። ካርታ፣ ብርድ፣ በቅሎ ሁሉ ወጥቶ የቀረው አንድ ምልክት ብቻ ነው። ማራን በሠራበት ዘዴ ነው የሠራው፤ ልዩነቱ ማራ ሲሞት ያለቀሰ ይመስለኛል፣ እዚህ ላይ ግን ዓይኑ ደርቋል።

ዲሴምበር 2 ቀን 1804 ናፖሊዮን በኖትር ዳም ንጉሠ ነገሥት ሆነ፤ ዳቪድም የንጉሠ ነገሥቱ ቀዳሚ ሠዓሊ ተባለ። የዘውድ በዓሉን ሥዕል በ1805 ጀምሮ በ1807 ጨረሰው። 6 ሜትር ከ21 በ9 ሜትር ከ79 ነው፤ የሰዎቹ ቁጥር ከ150 ያልፋል፤ ቦታ ስላልበቃው አንድ የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ስቱዲዮ ሆነለት። ከካርቶን ትንሽ መድረክ ሠርቶ ልብስ የለበሱ አሻንጉሊቶች እያዟዟረ ብርሃኑን አጠና። መጀመሪያ ያሰበው ናፖሊዮን ዘውዱን በገዛ እጁ ሲደፋ ነበር፤ እንደዚያም ሆኗል። ያ ግን ትዕቢት መሰለና ወደ ሌላው ቅጽበት አዞረው፤ ናፖሊዮን ቆሞ በፊቱ ለተንበረከከችው ለጆዜፊን ዘውድ ሲያነሣ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 7ኛ ከኋላ ተቀምጠዋል። ዳቪድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፎ ነበር የሣላቸው። ናፖሊዮን ከሮም ድረስ ያመጣኋቸው ዝም ብለው እንዲቀመጡ አይደለም በማለቱ ቀኝ እጃቸው ለቡራኬ ተነሣ። የናፖሊዮን እናት ከልጃቸው ጋር ተቀያይመው በዓሉ ላይ አልተገኙም፤ በሥዕሉ ላይ ግን መካከል ሰገነት ላይ ተቀምጠው በደስታ ያያሉ። ጆዜፊን ያን ጊዜ 41 ዓመቷ ነበር፤ ዳቪድ የሣላት ሃያዎቹ ውስጥ ያለች ልጃገረድ አስመስሎ ነው።

ስለ ጆዜፊን አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። በ1794 ወህኒ አስገብቷት የነበረው የጠቅላላ ደኅንነት ኮሚቴ ነው። የመጀመሪያ ባሏ ቦአርኔ በጊሎቲን የሞተው ሮቤስፒየር ከመውደቁ ከጥቂት ቀን በፊት ነው። ዳቪድ ያን ጊዜ የኮሚቴው አባል ነበር። ሥዕሉን ለመሥራት ሲቀራረቡ ሁለቱም ይህን ሳያስታውሱ ቀሩ ብሎ ማሰብ ያዳግታል። በጃንዋሪ 1808 ናፖሊዮን ሊያይ መጥቶ ከሥዕሉ ፊት ለረጅም ጊዜ ተመላለሰ፤ ሲጨርስ ኮፍያውን አንሥቶ ሠዓሊውን እጅ ነሣ።

ከናፖሊዮን ውድቀት በኋላ ንጉሣውያኑ ተመለሱ፤ በ1816 የንጉሡን ሞት ካጸደቁት ብዙዎቹ ከአገር እንዲወጡ ሕግ ወጣ። ለዳቪድ ግን በሩ ገርበብ ብሎለት ነበር፤ ምሕረት ቢለምን ያገኝ ነበር። አልለመነም። ለሮቤስፒየርና ለናፖሊዮን የሠራ ሰው ለሦስተኛው ጌታ ቢያድር የሚደንቀው ባልነበረ፤ እሱ ግን ብራስልስ ሄዶ ቀረ። ጊዜ አይቶ የሚገለባበጥ ሰው ነበር ለሚሉ ጸሐፊዎች ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። እዚያ ሆኖ መልክ እየሣለ፣ ተማሪ እያስተማረ፣ ፓሪስ ለቀሩት ተማሪዎቹ ለእነ ግሮ ደብዳቤ እየጻፈ፣ ከጥንቱ ታሪክ እንዳይወጡ እየገሠጸ ቆየ። ከቤቱ የወጡት ግሮ፣ ዢሮዴ፣ ዤራርና ኢንግር የፈረንሳይን ሥዕል ለቀጣዮቹ ሃምሳ ዓመታት ይዘውታል፤ ስለ ኢንግር ሌላ ምዕራፍ ያስፈልጋል።

ከቲያትር ሲወጣ ሠረገላ ገጭቶት ከዚያ በኋላ ጤናው አልተመለሰም፤ ዲሴምበር 29 ቀን 1825 ሞተ። የፈረንሳይ መንግሥት አስከሬኑን አላስገባም አለ፤ ብራስልስ ተቀበረ። ልቡ ብቻ ፓሪስ ገብቶ ፔር ላሼዝ መካነ መቃብር በሚስቱ መቃብር ውስጥ ተቀመጠ። አስከሬኑን የከለከለው ሥርወ መንግሥት በ1830 ወደቀ፤ የተተካው ንጉሥ ሉዊ-ፊሊፕ በ1837 ቬርሳይን ሙዚየም ሲያደርግ የዘውድ በዓሉን ግዙፍ ሥዕል ከተቀመጠበት አውጥቶ ሰቀለው። በ1889 ሉቭር ገባ። ዛሬ ቬርሳይ የሚታየው ሁለተኛው ቅጂ ነው፤ ዳቪድ ፓሪስ ጀምሮት በ1822 ብራስልስ በስደት ሳለ የጨረሰው። ሁለቱን ለማመሳከር የፈለገ የናፖሊዮንን እህቶች ይይ፤ ሉቭር ላይ ሁሉም ነጭ ለብሰዋል፣ ቬርሳይ ላይ የአንዷ ቀሚስ ሮዝ ነው።